መድፉ ቀረ፣ ሙያውስ?

ከደብረ ታቦር ትንሽ ወጣ ብላ የምትገኘው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መድፍ ያሠሩባት ስፍራ ናት። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል እዚያ ተሠርቶ፣ ወራት በፈጀ ጉዞ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ አብዛኞቹ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ የጋፋት ሥራ ግን በዚያው ቆመ።

ሙያ ከባለሙያው ጋር አብሮ የመሄዱ ጣጣ በዘመነ ኮምፒዩተርም አልቀረልንም። በደብረ ታቦር አንድ መሥሪያ ቤት ያለ ወጣት በመዳፊት ሳይሆን በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠሩ ሦስት ትንንሽ ፕሮግራሞች አዘጋጀ እንበል። አንዱ የኢትዮጵያን ቀን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ይቀይራል፣ ሁለተኛው ስሞችን በፊደል ተራ ይደረድራል፣ ሦስተኛው መዝገብ ይቆጥራል። የተጻፈውን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጠው ኮምፓይለር ነው። በየትኛው ኮምፓይለር፣ በምን አማራጭ፣ ውጤቱስ የት ፎልደር ይገባል? ወጣቱ ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል። ዝውውር ያገኘ ዕለትስ?

መፍትሔው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላብስ «ሜክ» የተባለውን ፕሮግራም ሠራ። ሜክፋይል በሚባለው ፋይል ምን ከምን፣ በየትኛው ትእዛዝ እንደሚሠራ ይጻፋል። ሜክም ፋይሎቹ የተለወጡበትን ሰዓት አነጻጽሮ፣ ለውጡ የነካውን ብቻ እንደገና ይሠራል።

አደረጃጀቱ ለሕግ ሰው እንግዳ አይደለም። አዋጅ ዋናውን ይደነግጋል፤ ዝርዝሩ ለደንብና ለመመሪያ ይተዋል። መመሪያ ሲቀየር አዋጁ አይነካም። ሜክፋይሉን እንደ አዋጅ እንቁጠረው። ከኮምፒዩተር ኮምፒዩተር የሚለያየው፣ ማለትም የኮምፓይለሩ ስም፣ አማራጮቹና የመጫኛው ፎልደር፣ «ኮንፊግ ዶት ኤምኬ» በሚባል አጭር ፋይል ለብቻው ይቀመጥ። ሦስቱም ፕሮግራሞች ከዚያ ከአንዱ ያንብቡ። የየራሳቸው ቅጂ ካላቸው አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳል።

በአንጻሩ ለሦስት ትንንሽ ፕሮግራሞች እንደ አውቶኮንፍ ያለ፣ በሺህ የሚቆጠር መስመር ስክሪፕት የሚያመነጭ መሣሪያ መደገን ትርፉ ድካም ነው። የሚበቃው ሰው አንብቦ የሚረዳው ፋይል ነው።

መፈተኛውም ቀላል ነው። ፎልደሩን ምንም ለማያውቅ የሥራ ባልደረባ ይስጡት፤ «ሜክ» ብሎ ይጻፍ። ከሠራ ሙያው ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ነው። ካልሠራ ግን ወጣቱ ሳይሄድ ይጻፍ።