ካምቢዮው የምኑ ነው? የአሮጌ ላንድክሩዘር ሞተር ቅያሪ ዳሰሳ

የአሮጌ ላንድክሩዘር ባለቤት ሞተሩ አልቆበት ሶማሌ ተራ ሲወርድ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ እንደየዘመኑ ተለዋውጧል። አንድ ሰሞን «ናፍታ አለህ?» ነበር። ቀጥሎ «ቱርቦ ያለው አለህ?» መጣ። አሁን አሁን የሚበዛው «ኮምፒዩተር የሌለው አለህ?» ነው። ነገሩን የሚያውቅ ሻጭ ግን ስለ ሞተሩ ከማውራቱ በፊት የሚጠይቀው ያው አንድ ነገር ነው፦ «ካምቢዮው የምኑ ነው?» ገዢው የፈረስ ጉልበት ሲቆጥር፣ ሻጩ የሚያስበው ሞተሩ ከኋላው፣ ከጎኑና ከፊቱ ምን እንደሚጠብቀው ነው። እስካሁን ካየኋቸው የከሸፉ ቅያሪዎች አብዛኞቹ የከሸፉት ገዢው ይህን ጥያቄ ንቆ በማለፉ ነው።

የመጀመሪያው የቅያሪ ዘመን ከቤንዚን ሽሽት ነበር። ኤፍ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር 3.9 ሊትር፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የመጣው ቱ ኤፍ ደግሞ 4.2 ሊትር ነበሩ። ጉልበት አያንሳቸውም፤ ጠጪነታቸው ግን አያድርስ ነው። እ.ኤ.አ. የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ዓለምን ባስደነገጠ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ቶዮታ ቢ የተባለውን 3 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር የናፍታ ሞተር ላንድክሩዘር ላይ አዋለ። እኛም ዘንድ ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ዘመን ሲመጣ፣ የቤንዚኑን አውጥቶ የናፍታ መትከል እንደ ብልህነት ተቆጠረ።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው ያላሰበው ፍሬኑን ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረው ቫኩም ፍሬን ሲያዝ የእግርን ሥራ ያግዛል፤ የናፍታ ሞተር ግን አየሩን ሳይገታ ስለሚስብ ይህን ቫኩም አይሰጥም። ለዚህ ሲል ቶዮታ በብዙዎቹ የናፍታ ሞተሮቹ ላይ ከዲናሞው ጀርባ ትንሽ የቫኩም ፖምፓ ይገጥማል። ሞተሩን ያለ ዲናሞው በርካሽ የገዛ ሰው መኪናው ይነሣለታል፤ ደስ ብሎት ይወጣል፤ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ሲጠጥርበት ነው ምን እንደጎደለው የሚገባው።

ቀጥለው የመጡት ስሪ ቢ እና ቱ ኤች ናቸው፤ አንዱ ባለ አራት ሲሊንደር 3.4 ሊትር፣ ሌላው ባለ ስድስት 4 ሊትር። ሁለቱም ታይሚንጋቸው በጥርስ የሚዞር ስለሆነ የሚበጠስ ቤልት የለባቸውም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜና ከዚያ ወዲህ በየእርዳታ ድርጅቱ ግቢ የቆሙት ላንድክሩዘሮች የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው። ዛሬም ገጠር ውስጥ አንድ ቱ ኤች ጢሱን እያግተለተለ ዳገት ሲወጣ ብታዩ አትገረሙ። አይቸኩልም፤ ግን ይደርሳል።

ነገሩን ሁሉ የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1990 መጀመሪያ የመጣው ዋን ኤች ዜድ ነው። 4,164 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ኮምፒዩተር የማያውቅ። የመጎተት ኃይሉ 285 ኒውተን ሜትር ሲሆን እሱንም በ2,200 ዙር ላይ ይሰጣል፤ ለዛሬ ሰው ይህ ቁጥር የሚያስቅ ነው። ታዲያ ለምን የሁሉ ምርጫ ሆነ? መልሱ ያው የሻጩ ጥያቄ ውስጥ ነው። ኤች 55 ኤፍ የሚባለው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ቱ ኤች ሞተር ባላቸው መኪኖች ላይ ነበረ፤ የመጀመሪያዎቹ ባለ ዋን ኤች ዜድ ላንድክሩዘሮችም ይህንኑ ካምቢዮ ይዘው ወጡ። ስለዚህ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውን የፍሪሲዮን ቤት፣ ከነፍሪሲዮኑና ከነፍላይዊሉ፣ ከትክክለኛው መኪና ካገኙ ቱ ኤች አውጥቶ ዋን ኤች ዜድ ማስገባት ብየዳም ፈጠራም ብዙ አይጠይቅም። ስሪ ቢ ላለው ሰው ግን ሌላ ነው፦ ስድስት ሲሊንደር ከአራት ይረዝማል፤ ራዲያተሩ ቦታ መልቀቅ አለበት፣ የሞተሩ መቀመጫም ይቀየራል።

ሁለተኛው ምክንያት ናፍታው ነው። ዋን ኤች ዜድ ነዳጁን የሚረጨው በ150 ባር ገደማ ግፊት ነው፤ ዛሬ ኮመን ሬይል የሚባለው ሥርዓት ከሺህ ባር በላይ ይሄዳል። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር በኢንጄክተሩ ውስጥ ያለው ክፍተት ይጠብባል፤ ውኃና አቧራ የሚችልበት ትከሻም ይሳሳል። ከማደያ ርቆ፣ ከጀሪካን በጨርቅ ተጣርቶ የሚቀዳ ናፍታ አሮጌውን ሞተር ያስነጥሰዋል እንጂ አይገድለውም።

የመጎተቱ ነገር ግን እውነተኛ ቅሬታ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እንጦጦን ሲወጣ ጥቁር የሚያጨሰው ሁልጊዜ ስላረጀ አይደለም፤ ለናፍታው የሚበቃ አየር ስላላገኘ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ያው ሞተር ነፍስ ይዘራል፤ ሽቅቡ ላይ መልሶ ያቃስታል። በሁለተኛው ዘመን «ቱርቦ አለህ?» ያሰኘው ይህ ነው። ትዌልቭ ኤች ቲ እና ዋን ኤች ዲ ቲ የሚባሉት ሞተሮች ናፍታውን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ፣ ከፋብሪካ ቱርቦ ይዘው የወጡ ናቸው። የዋን ኤች ዲ ቲ የመጀመሪያዎቹ ምርቶች የኮኔክቲንግ ሮድ ኩሽኔታቸው ቀድሞ እንደሚበላ በዓለም ሁሉ ይታወቃል፤ ኩሽኔታው ሳይታይ መትከል ቁማር ነው። ከዚህ የባሰው ግን በራስ ዋን ኤች ዜድ ላይ ቱርቦ ማስገጠም ነው። ሞተሩ የተሠራው ለዚያ ሙቀት አይደለም። በልክ ከተያዘ ይቻላል፤ ግን ቱርቦ ያስገጠመ ሰው ፖምፓውን ሳያስከፍት አያድርም። ናፍታው ሲጨመር የጭስ ማውጫው ይግላል፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ውኃ የሚጨርስ መኪና ይዞ መዞር ነው።

ሌላው ዓለም በየፊናው መልስ አበጅቷል። እንግሊዞች ለአሮጌ ላንድሮቨራቸው እ.ኤ.አ. ከ1989 ወዲህ የመጣውን 200 ቲዲአይና ተከታዩን 300 ቲዲአይ መረጡ፤ ምክንያቱ ከኛ ብዙም አይርቅም፣ ቱርቦ ግን ኮምፒዩተር አልባ። አሜሪካ ውስጥ ከሚንስ 2.8 ሊትር አዲስ ሞተር ከነሽቦውና ከነኮምፒዩተሩ በሣጥን አሽጎ ለአሮጌ ጂፖች ሸጧል። ንጹሕ መላ ነው፤ ለሚችለው።

ያገለገለ ሞተር እኛ ዘንድ በብዛት የሚመጣው ከዱባይና ከሻርጃ ነው፤ መኪናው እዚያ ይበለታል፣ ሞተሩ በኮንቴይነር ይገባል። አንዴ አብሬው የሄድኩት መካኒክ መዝጊያውን ከመክፈቱ በፊት መዳፉን ብሎኩ ላይ አሳረፈ። «ጋሼ፣ ይሄ ዛሬ ጠዋት ሠርቷል» አለኝ። ቀድሞ የሞቀ ሞተር ጠዋት ተነሺ አለመሆኑን ይደብቃል፤ እስኪበርድ ጠበቅን። ከዚያ አስነሥቶ የዘይቱን ክዳን ፈትቶ ገልብጦ ቀዳዳው ላይ አስቀመጠው። ክዳኑ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ቢዘል ኖሮ ፒስተኖቹ ጭስ እያሳለፉ ነው ማለት ነበር። ክዳኑ ሥር ነጭ ቅባት መሰል ነገር ፈለገ፤ ውኃና ዘይት ተገናኝተው እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። የታይሚንግ ቤልቱን ግን ማየት እንኳ አልፈለገም። «እሱን እኛ እንቀይረዋለን፤ የሻጭ ቃል አይታመንም።» የዋን ኤች ዜድ ቤልት 100,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይቀየራል፤ የመጣበት መኪና ስንት እንደሄደ ማን ያውቃል?

እኔ የተሸወድኩት ሌላ ቦታ ነው። ሞተሩ ከ24 ቮልት መኪና የወጣ፣ የኔ መኪና 12 ቮልት። ሞተሪኖው እንደ ታመመ ሰው ይንቀራፈፋል፣ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ለብ እንኳ አይሉም። ሁለቱንም እንደገና ገዛሁ። ሻጩ ዋሽቶኛል እንዳልል፣ አልጠየቅሁትም።

የኤሌክትሮኒክሱ ዘመን ብዙ አያናግርም። የዲ ፎር ዲ ሞተሮችና እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው 4.5 ሊትር ቪ8 ጉልበታቸው አይካድም። ቪ8 እንዲያውም እኛ አገር ከሞተርነት አልፎ የባለሥልጣን መጠሪያ ለመሆን በቅቷል። አሮጌ መኪና ላይ ለመትከል ግን ሞተሩን ከነሽቦው፣ ከነኮምፒዩተሩ፣ ከነፔዳሉ፣ አንዳንዴም ከነቁልፉ መግዛት ያስፈልጋል። ሽቦው በመቀስ ተቆርጦ የመጣ ሞተር በኪሎ የሚሸጥ ብረት ነው።

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ሌላ ጥያቄ አምጥተዋል፤ የወረቀት። ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም ሰፍሯል። የገዙት ሞተር በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳይ ዲክላራሲዮን ከሌለ፣ ቁጥሩም ተፍቆ ከሆነ፣ ቦሎ ሲደርስ ጣጣው ይጀምራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። የኤሌክትሪክ መኪና ለከተማ ይሁን፤ ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት ወረዳ ጭነት ለሚያመላልስ ላንድክሩዘር ግን መልስ አይሆንም። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዕድሜው እንዲረዝም ተፈርዶበታል፤ ቅያሪ ከማሰብ በፊት የራሱን ሞተር ቶርኖ ቤት ወስዶ ማሳደስ እንደገና አዋጭ መስሎ የታየውም ለዚህ ነው። ክራንኩ 0.25 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ ወፍራም ኩሽኔታ ይገባለታል፤ ሲበላ 0.50 ይሆናል።

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄን ተከትዬ ለቱ ኤቹ የሚሆን ዋን ኤች ዜድ ልናይ ሄድን። ሻጩ እንደ ልማዱ ስለ ካምቢዮው ጠየቀ፤ ነገርነው። ዋጋውን ሲጠራ ወዳጄ ዝም አለ። ሻጩ ትንሽ አሰብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሮጌውን ብሎክ አልጣልከውም አይደል? ካለህ እኔ እገዛሃለሁ» አለው።