የሚያነክሰውን ቮልስዋገን በደጃፍ መመርመር

ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አንደኛው ሲሊንደሩ ሥራውን ሲያቋርጥ የሚያሰማው ድምፅ ኮቴው የተወጋ በቅሎ ዳገት ሲወጣ ከሚያሰማው ጋር ይመሳሰላል። ሦስት ጊዜ ይረግጣል፤ በአራተኛው ይስታል። ይህን ድምፅ በከተሞቻችን ጎዳናዎች ላይ ደጋግሞ ሲያሰማ የኖረው፣ ሕዝቡ «ቮልስ» እያለ በቁልምጫ የሚጠራው አነስተኛ አውቶሞቢል ነው። ይህ መኪና በጀርመን አገር መሠራቱ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በሜክሲኮ ደግሞ በ2003 ያበቃ ቢሆንም በእኛ ዘንድ ግን ዛሬም ሥራውን አላቆመም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱትም በቮልስዋገን እንደነበር ይታወሳል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚን የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በመደረጉ፣ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ የውዴታ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የግዴታ ሆኗል።

ሞተሩ እያነከሰም ቢሆን መኪናው ይሄዳል። አደጋው ያለውም በዚሁ ላይ ነው። ባለቤቱ «ደርሶ ይመልሰኛል» እያለ ወራት ያሳልፋል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ በደንብ የማይዘጋ አንድ ቫልቭ ጠርዙ እየነደደ ይሄድና በደቂቃዎች ሥራ ሊስተካከል ይችል የነበረው ነገር ሞተር ወደ ማስወረድና ቴስታታ ወደ ማስፈታት ይደርሳል። ስለሆነም ምርመራው በጊዜ ቢጀመር ይመረጣል። ለዚህም የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ካቻቢቴ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ የ13 ቁልፍ፣ ክፍተት የሚለካባቸው ስስ ልሙጥ ብረቶችና አንዲት አነስተኛ አምፖል ይበቃሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ጥንቃቄዎች ይወሰዱ። ሞተሩ እየሠራ የሚመረመር ከሆነ መኪናው ከጋራዥ ወጥቶ አየር በሚነፍስበት ስፍራ ይቁም። ከጭስ መውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ሆነ ቀለም የለውምና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። ሁለተኛው የቤንዚን ጎማ ነው። በቮልስዋገን ሞተር ላይ ከፓምፑ ወደ ካርቡራቶሩ የሚሄደው አጭር ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ቤንዚኑ በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ጎማው በጣት ሲታጠፍ መሰንጠቁ ከታየ ሌላ ሥራ ሳይጀመር ይለወጥ፤ በሁለቱም ጫፍ በማሰሪያ ይጥበቅ። ሲጋራውም ከዚያ አካባቢ ይራቅ።

ቀጥሎ ማዳመጥ ነው። አንካሳነቱ ምት የጠበቀ፣ በየዙሩ የሚመላለስ ከሆነ ጥፋቱ በአንድ ሲሊንደር ላይ ነው። አንዴ መጣ አንዴ ሄደ የሚል፣ ሥርዓት የሌለው መንገዳገድ ከሆነ ግን አራቱ ሲሊንደሮች በጋራ የሚጠቀሙበት ነገር፣ ማለትም ፑንቲናው፣ ቦቢናው ወይም የቤንዚኑ መንገድ ይጠረጠራል። በሚኒሞ እየተንቀጠቀጠ በፍጥነት ሲነዳ የሚስተካከል ሞተር አንድ ነገር ይናገራል፤ በሚኒሞ ጸጥ ብሎ ዳገት ላይ የሚያስነጥስ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል። የፊተኛው ወደ ሚኒሞ ጂግለር ወይም ከጎን ወደሚገባ አየር፣ የኋለኛው ወደ ዋናው ጂግለርና ወደ ቤንዚን ፓምፑ ያመለክታል።

ምቱን የሳተው ሲሊንደር የትኛው እንደሆነ ለማወቅ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የካንዴላዎቹን ሽቦ አንድ በአንድ፣ ደረቅ ጨርቅ በተጠቀለለበት ፒንሳ እየነቀሉ ወዲያው መመለስ ነው። ጤነኛው ሲነቀል ሞተሩ ይበልጥ ይንገዳገዳል። ሲነቀል ምንም ለውጥ ያላመጣው በሽተኛው እርሱ ነው። (ይህ ዘዴ ፑንቲና ላላቸው አሮጌ መኪናዎች ብቻ የሚሆን ነው፤ በኤሌክትሮኒክ የሚሠሩትን የዛሬ መኪናዎች ያበላሻል።) ሽቦዎቹ ሲመለሱ እንዳይቀያየሩ ይጠንቀቁ። የቮልስዋገን የእሳት ቅደም ተከተል 1፣ 4፣ 3፣ 2 ሲሆን የዲስትሪቡተሩ ሮቶር በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ይዞራል። አንደኛው ሲሊንደር በቀኝ ወገን ወደ መኪናው ፊት ያለው፣ ሁለተኛው ከበስተኋላው ያለው ነው፤ በግራ ወገን ደግሞ የፊተኛው ሦስተኛ፣ የኋለኛው አራተኛ ነው።

ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ከበረደ በኋላ ነው፤ ቴስታታው ከቀላል ብረት የተሠራ በመሆኑ ጥርሱ በሙቀት ጊዜ በቀላሉ ይቀደዳል። የተፈታው ካንዴላ እንደ ደብዳቤ ይነበባል። ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ የለበሰው ቤንዚን ይበዛበታል። በዘይት የራሰው የፒስተን ቀለበት ወይም የቫልቭ ማስተላለፊያ ማለቁን ያሳያል። ነጣ ብሎ የተቃጠለ የመሰለው ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ቤንዚን አንሶት ከመጠን በላይ ግሏል ማለት ነው። ከዚያም የበሽተኛውን ካንዴላ ከጎረቤቱ ጋር ማቀያየር ነው። አንካሳነቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ሥራው እዚሁ ላይ አበቃ፤ አዲስ ካንዴላ ተገዝቶ ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይደረጋል።

ፑንቲናው በአብዛኞቹ ሞተሮች 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል መከፈት አለበት፤ የሚለካውም የዲስትሪቡተሩ ዘንግ ጉብታ በሰፊው በከፈተው ጊዜ ነው። በዘንጉ ላይ የሚፋተገው እግሩ እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠብባል፤ እሳቱም ዘግይቶ ይመጣል። ፊቱ የተቦረቦረ ፑንቲና ሲገኝ ኮንደንሰሩንም አብሮ መለወጥ ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ያፋልሳል። ፑንቲና በተነካ ቁጥር የእሳቱ ሰዓት ስለሚዛነፍ መጀመሪያ ክፍተቱ፣ ቀጥሎ ሰዓቱ ይስተካከላል እንጂ የተገላቢጦሽ አይሆንም። ለዚህም አምፖሏን ፑንቲናው ከሚያያዝበት የቦቢና ጫፍና ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኝቶ፣ ቁልፉን ከፍቶ፣ ፑሌጃውን በቀስታ ማዞር ነው። አምፖሏ የምትበራበት ቅጽበት ፑንቲናው የተከፈተበት ነውና የፑሌጃው ምልክት የመኪናው መጽሐፍ ካዘዘው ዲግሪ ጋር በዚያን ጊዜ መግጠም አለበት።

አሁን ወደ ቫልቮቹ እንምጣ፤ የቮልስዋገን ሕይወት ያለው እዚህ ነውና። በአየር የሚቀዘቅዝ ይህ ሞተር ሲሠራ የጭስ ማስወጫ ቫልቮቹ ክፍተት እየጠበበ ይሄዳል እንጂ እንደ ሌሎች ሞተሮች ሁልጊዜ አይሰፋም። ስለዚህ «ቲክ ቲክ» የሚል ቫልቭ ባለቤቱን ያሳስበዋል፤ ጸጥ ያለው ግን ይበልጥ ሊያሳስበው በተገባ ነበር። ክፍተት ያጣ ቫልቭ ከመቀመጫው ላይ በደንብ ስለማያርፍ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት መንገድ ያጣና ይነዳል። በተለይ የሦስተኛው ሲሊንደር ያሳስባል። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ በዚያው ሲሊንደር አናት ላይ ቆሞ ነፋሱን ስለሚከልልበት ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል በ1600 ሞተሮች ላይ ማቀዝቀዣው ከዋናው የነፋስ መንገድ ወጣ እንዲል የተደረገው ያለምክንያት አይደለም።

መለኪያው በአብዛኞቹ የ1200ና የ1300 ሞተሮች ለመግቢያውም ለመውጫውም 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተሩ ፈጽሞ የቀዘቀዘ፣ ከተቻለም ያደረ ይሁን። የዲስትሪቡተሩ ክዳን ይነሣና ሮቶሩ በከንፈሩ ላይ ወዳለው ጭረት፣ የፑሌጃው ምልክትም ሞተሩ ለሁለት ወደሚከፈልበት መጋጠሚያ እስኪያመለክት ድረስ ይዞራል። በዚህ ጊዜ አንደኛው ሲሊንደር ይለካል። ከዚያ ፑሌጃውን ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ግማሽ ዙር በማዞር ሁለተኛውን፣ እንዲሁ እያሉ ሦስተኛውንና አራተኛውን መለካት ይቻላል። ስሱ ብረት በጥቂቱ እየተያዘ ማለፍ አለበት። የሚያጠብቀው ነት በ13 ቁልፍ ሲጠብቅ ክፍተቱ ስለሚንቀሳቀስ ደግሞ መለካት የግድ ነው። የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን ያረጀ ከሆነ ይለወጥ፤ አለዚያ ዘይቱ በጋለው የጭስ ቧንቧ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሽታውም ከማሞቂያው ጋር ወደ ተሳፋሪው ይገባል። የዚህ መኪና ማሞቂያ አየር በጭስ ቧንቧው ዙሪያ የሚያልፍ ስለሆነ የቧንቧው መቀደድ ከሽታ ያለፈ ጉዳት እንደሚያመጣም መዘንጋት የለበትም።

ካርቡራቶሩን ወደ መጨረሻ ያቆየነው ሆን ብለን ነው። ሰዎች ሞተር ባነከሰ ቁጥር በመጀመሪያ የሚነኩት የእርሱን ብሎን ሲሆን በዚህም ጥፋቱን ይሸፍኑታል እንጂ አያርሙትም። ጂግለሩ ሲዘጋ በነፋስ ይጸዳ፤ በሽቦ መጎርጎር ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የሚኒሞ ጂግለሩን በኤሌክትሪክ የሚከፍት ቫልቭ ካለው፣ ቁልፍ ሲከፈት «ጠቅ» ማለቱን ማዳመጥ ይበቃል። በካርቡራቶሩ ግርጌና በአየር ቧንቧው መጋጠሚያ የሳሙና ውሃ ሲቀባ ሞተሩ ድምፁን ከለወጠ አየር በዚያ በኩል እየገባ ነው። ይህን ምርመራ በቤንዚን የሚያደርጉ አሉ፤ ቢተዉት ይሻላል።

የአገራችንን አቀማመጥ የሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ ለጠረፍ የተሠራ ጂግለር ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውን ጥቀርሻ የሚያለብሰውም ይኸው ነው። ለደጋው ተብሎ ጂግለሩ ያነሰለት መኪና በበኩሉ ከደሴ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ቢወርድ በቆላው ሙቀት ላይ የቤንዚን እጥረት ይጨመርበታል፤ የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቭ የሚነደውም ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለው ጉዞ ላይ ነው። ወደ ቆላ ለረጅም ጊዜ የሚሄድ ሾፌር ጂግለሩን ለውጦ ይውረድ።

እሳቱ ደኅና፣ ክፍተቱ ልክ፣ ቤንዚኑ ንጹሕ ሆኖ አንዱ ሲሊንደር አሁንም ካልሠራ የቀረው የእመቃ ጉዳይ ነው። የቦቢናውን መካከለኛ ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር አሥሮ፣ ካንዴላውን ፈትቶ፣ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ሲያዞር በቀዳዳው ላይ አውራ ጣት ማሳረፍ ነው። ጤነኛው ጣትን ገፍቶ ያስለቅቃል፤ የነደደው ቫልቭ ያለበት ግን እስትንፋስ ብቻ ያሰማል። ዘይት ጨምሮ ጥፋቱን ከቀለበትና ከቫልቭ የመለየት ዘዴ በዚህ ሞተር ላይ አያስተማምንም፤ ሲሊንደሮቹ በጎን የተጋደሙ በመሆናቸው ዘይቱ ከታች ይተኛል። እንግዲህ ሞተሩ ይወርዳል። ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ስለሆኑ አንድ ክሪክና ሁለት ሰው ያወርዱታል፤ የቫልቭ መቀመጫውን ማስሞረድ ግን የቶርኖ ቤት ሥራ ነው።