ባዶው ቀለበትና የወሎ ኦፓል

ኦፓል የሚሸጡ ደንበኞቼ በካሜራዬና በሌንሴ መካከል የምሰካውን ጥቁር ቀለበት ሲያዩ ከባድ መሣሪያ ይመስላቸዋል። አንሥተው ሲያዩት ጣታቸው ባንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። «ታዲያ ምኑ ነው የሚያጎላው?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ኤክስቴንሽን ቲዩብ የሚባለው ዕቃ ውስጡ ባዶ ነው፤ ቅንጣት መስታወት የለበትም። ሥራው ሌንሱን ከሴንሰሩ ማራቅ ብቻ ነው። ሌንሱ ከሴንሰሩ በራቀ ቁጥር ወደ ዕቃው ይበልጥ መጠጋት ይችላል፤ ምስሉም ይተልቃል።

ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የቀለበቱን ርዝመት ለሌንሱ ፎካል ሌንግዝ ማካፈል። እኔ የምሠራበት ሌንስ ብዙ ጀማሪ ቀድሞ የሚገዛው የካነን 50 ሚሊሜትር፣ 1.8ቱ ነው። ብቻውን ከ35 ሳንቲሜትር ወዲህ አይጠጋም፤ ሴንሰሩ ላይ የሚያሳርፈው ምስልም የዕቃውን አንድ አምስተኛ ያህል ነው። 36 ሚሊሜትር ቀለበት ስጨምርበት 36 ለ50 ሲካፈል 0.72 ይመጣል፤ ከራሱ ከሌንሱ ጋር ተደምሮ 0.93 አካባቢ ይደርሳል። አንድ ሳንቲሜትር የምትሆን ድንጋይ ሴንሰሩ ላይ ከ9 ሚሊሜትር በላይ ሆና ታርፋለች። ለነጋዴ ይህ ይበቃል። በዚሁ ሒሳብ ያው ቀለበት 200 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ የሚጨምረው 0.18 ብቻ ነው። ከካሜራው ጋር የሚመጣውን ኪት ሌንስ 18 ላይ አድርጎ የሚሞክር ደግሞ ፎከሱ መስታወቱ ላይ ይወድቅበትና ድንጋዩን የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣል።

ማጉላቱ ግን በብርሃን ይከፈላል። ፕሮጀክተር ከግድግዳ ሲርቅ ምስሉ ይሰፋል፣ ይደበዝዛልም፤ እዚህም የሚሆነው ይኸው ነው። በ0.93 ላይ ሴንሰሩ የሚደርሰው ብርሃን ከወትሮው ሩብ ያህል ነው። በሰከንድ 1/60 ይነሣ የነበረው ፎቶ 1/15 ይፈልጋል፤ በእጅ ይዞ በ1/15 ማንሣት በዚህ ቅርበት የማይሞከር ነው። ስለዚህ «ቀለበቱን ገዛሁ፣ ፎቶዬ ግን አልጠራም» ለሚለኝ ወጣት የምመልስለት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ትሪፖድህ የታለ? መብራትህስ? ለቅርብ ፎቶ የተሠራ ማክሮ ሌንስ ባለመግዛት የተረፈው ብር መሄድ ያለበት ወደ እነዚህ ነው። ብዙው ሰው ግን ቀለበቱን ይገዛና የቀረውን ኪሱ ይከታል።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልምጣ። የወሎ ኦፓል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ በዓለም ገበያ ታዋቂ ነው። ቀለሙ የሚመነጨው ከማቅለሚያ ንጥረ ነገር አይደለም። ድንጋዩ ውስጥ በሥርዓት የተደረደሩ እጅግ ደቃቅ የሲሊካ እንክብሎች ብርሃኑን በታትነው ይመልሱታል። በዚህ የተነሣ መብራት አመጣጡን ሲቀይር አረንጓዴው ብርቱካን ይሆናል፣ ብርቱካኑ ይጠፋል። ለስላሳ የተበተነ ብርሃን፣ ለሙሽራ ፊት የምንመርጠው ዓይነት፣ የኦፓልን እሳት ያዳክመዋል። እኔ አንዲት ትንሽ መብራት ከጎን አስቀምጣለሁ፣ ከሥር ጥቁር ጨርቅ አነጥፋለሁ፤ ከዚያ ድንጋዩን በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ቀስ እያልኩ አዞረዋለሁ። ሰዓት የሚበላው ይህ ነው። ቀለበቱ ለማንሣት ያስችለኛል እንጂ ማዕዘኑን አይፈልግልኝም።

ሌላው ጣጣ የፎከሱ ቅጥነት ነው። በዚህ መጠን የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ አፐርቸሩን፣ 8 ላይ አድርጌ እንኳ ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል አንድ ሚሊሜትር አይሞላም፤ የድንጋዩ ጉብታ ግን አራት አምስት ሚሊሜትር ከፍታ አለው። ገጹ ላይ ፎከስ ካደረግሁ የሚጠራው አቧራውና ጭረቱ ነው። ቀለሙ ያለው ከውስጥ ነውና ከገጹ ጥቂት ወደ ታች አወርደዋለሁ። አውቶፎከሱን ዘግቼ፣ የሌንሱን የፎከስ ቀለበትም ሳልነካ፣ ካሜራውን ራሱን ወደፊትና ወደኋላ እየገፋሁ ነው የማገኘው። አፐርቸሩን 22 አድርጎ መገላገል የሚያምረው አለ፤ ግን በዚህ ቅርበት ላይ 22 በተግባር ከ40 በላይ ሆኖ ነው የሚሠራው፣ ምስሉም በሙሉ ይለሰልሳል። ከዚያ ይልቅ በተለያየ ፎከስ ብዙ ፎቶ አንሥቶ ኮምፒውተር ላይ ማዋሐድ ይሻላል።

አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ክልክል ነው። የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ እንደ መስታወት ግልጽ ይሆንና እስኪደርቅ ቀለሙ ይሰወራል። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ረዳቴ ጨርቅ ሲያርስ አይተው «ኧረ ልጄ፣ ተው! ዛሬ ልልከው ነው» ብለው ከእጁ ነጠቁት። እኚሁ ሰው ኮምፒውተር ላይ ቀለም እንድጨምርም አይፈልጉም። ከውጭ የሚገዛው ሰው ድንጋዩ ሲደርሰው ከፎቶው ጋር ያስተያየዋል፤ ካልመሰለ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለ ደንበኛ ያስደስተኛል፣ ሥራዬንም ያቀልልኛል።

ቀለበቱን ለመግዛት ያሰበ፣ ዘመድ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ሲመጣ የሚያስልክም ቢሆን፣ የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥቦች ያሉበትን ይምረጥ። ነጥብ የሌለው እጅግ ርካሽ ነው፤ ሆኖም እንደ እኔ ያለ የካነን ሌንስ በእርሱ ላይ አፐርቸሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ይቀራል። አፐርቸሩ በእጅ የሚዞር አሮጌ ሌንስ ላለው ግን ርካሹ ምንም አይጎድለውም። ውስጡን በመብራት ማየት ነው፤ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ብርሃን ያንጸባርቅና ምስሉን ያጭበረብራል፣ ደብዛዛ ጥቁር ወረቀት ይለጠፍበት። ማያያዣውም ብረት ይሁን፤ ፕላስቲኩ ከባድ ሌንስ ሲሰቀልበት ይነቃነቃል።

ቡና ሲያብብ ጠዋት ጠዋት አበባውን ለማንሣት ጅማ የሚሄድ ጓደኛ አለኝ፤ ይኸንኑ ቀለበት ይዞ ሄዶ ነጩን አበባ ድንቅ አድርጎ አነሣው። ንቡን ግን አልቻለም። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ይህን ያህል ለማጉላት የሌንሱ ፊት ከንቡ 10 ሳንቲሜትር እንኳ አይርቅም፤ ንብ ደግሞ እንደ ኦፓል ተቀምጦ አይጠብቅም። እዚያ ላይ 100 ሚሊሜትር ማክሮ ሌንስ ዋጋው ይገባዋል። የራሴ ስለሌለኝ ንብ ሲመጣብኝ እዋሳለሁ።