ዘፈኑ የእናንተ ነው፤ ገንዘቡስ የማን ነው?

በሮቤና በጎባ አካባቢ ዘፈን የሌለበት ሥራ የለም። ገብስ ሲታጨድ ይዘፈናል። ሙሽራ ስትሸኝ ይዘፈናል። ጌራርሳ የሚያወርድ አባት፣ ማሲንቆ የሚመታ ወጣት በየቀበሌው ይገኛል። ታዲያ ዘፋኙ ከዘፈኑ ምን ያገኛል? ብዙ ጊዜ ጭብጨባና ምሳ ብቻ ነው።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። አንዱ ሠርግ ላይ በስልኩ ይቀርጻል። ማታውኑ ዩትዩብ ላይ ይጭነዋል። ዘፈኑ አዳማ ይሰማል፤ አሜሪካ ይሰማል። የዘፋኙ ስም ግን የለበትም። ገንዘብ ቢገኝበትም ለጫነው ሰው ነው። ዘፋኙ ራሱ ዘፈኑን ቢሸጥስ? ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ሸክላ በነበረ ጊዜ

በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት የተሰጠው ለአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ይህን ክልከላ ደፍሮ ጣሰ። አምሃ አዲስ አበባ ውስጥ የሙዚቃ ሱቅ ነበረው። የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ ወደ ሕንድ ላከ። ሸክላው እዚያ ታትሞ መጣ፤ ሕዝቡም ገዛው። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላዎች አሳተመ። መንገዱ የተከፈተው እንዲህ ነው።

ስሙ የተጻፈበት ካሴት

ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ኋላ አሜሪካ ቀረ። በ1977 ዓ.ም. ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ተጫውቶ አንድ ካሴት አወጣ። ከዚያ ታክሲ እየነዳ ኖረ። ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር።

ብዙ ዓመት አለፈ። ብራያን ሺምኮቪዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። ካሴቱ ላይ የኃይሉ ስም ተጽፎ ነበር። በስሙ ፈልጎ እሱን ራሱን አገኘው። ተስማሙና በ2005 ዓ.ም. ሙዚቃው እንደገና ወጣ። በኢንተርኔትም ተሸጠ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2010 ዓ.ም. አዲስ አልበም አወጣ። ስሙ ባይጻፍበት ኖሮስ? ማን ብሎ ይፈልገው ነበር?

ገንዘቡ በምን መንገድ ይመጣል?

አንደኛው መንገድ ሽያጭ ነው። ባንድካምፕ የሚባል የኢንተርኔት ሱቅ አለ። ዘፋኙ ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል። ሱቁ ከ100 ዶላር ሽያጭ 15 ዶላር ይወስዳል። የክፍያ ማስተላለፊያም ይቀነሳል። የቀረው የባለቤቱ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በማድመጥ የሚከፈል ነው። እንደ ስፖቲፋይ ያሉት ለአንድ ማድመጥ ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ያነሰ ይከፍላሉ። ስፖቲፋይ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ምንም አይከፍልም።

ሦስተኛው ዩትዩብ ነው። ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ቢያንስ 1,000 ተከታይ ያስፈልጋል። በአንድ ዓመት ውስጥም 4,000 ሰዓት መታየት አለበት።

እንግዲህ ይህ የአንድ ቀን ሀብት አይደለም። እንደ እርሻ ነው፤ ዘርቶ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ከቅርብ መጀመር ይሻላል። ሚሞሪ የሚጭኑ ሱቆች አሉ። ሠርግ አለ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቴሌብር አለ። ከዘፈኑ ጋር ስምና የስልክ ቁጥር ቢጻፍ፣ ወዳጅ ከሩቅም ቢሆን ገንዘቡን በስልክ ይልካል።

አውራ ጣት ከማሳረፍ በፊት

አንዳንዱ ነጋዴ ወረቀት ይዞ ይመጣል። «ዘፈንህን ላሳትምልህ፤ እዚህ ላይ ፈርም» ይላል። ያልተማረ ሰው አውራ ጣቱን ያሳርፋል። በዚያች ደቂቃ የዕድሜ ልክ ሥራውን ሊሰጥ ይችላል። አሁን እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል። ስለዚህ እነዚህን አራት ነገሮች ፈልጋችሁ አንብቡ፦

1. የዘፈኑ ባለቤት ማን ተብሎ ተጽፏል?
2. ውሉ ለስንት ዓመት ነው?
3. ከ100 ብር ለዘፋኙ ስንት ብር ነው?
4. ክፍያው መቼ መቼ ነው?

መልሱ ከጠፋ ወይም «ለዘለዓለም» የሚል ካለ አትፈርሙ። «ነገ እመለሳለሁ» በሉና ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የድርሰት ባለቤትን መብት ይጠብቃል። ግጥምና ዜማ የደረሰ ሰው በሕይወቱ ሁሉ ባለመብት ነው። ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ወራሾቹ ይጠቀማሉ። ከአያቶች የመጣ ዜማ ግን የሁላችን ነው። ማንም «የእኔ ድርሰት ነው» ሊል አይገባውም።

በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ልጆቻችሁ የሚወርሱት መሬትና ከብት ብቻ አይደለም። ዘፈንም ይወረሳል፤ የማን እንደሆነ ከተጻፈ።

ለመወያያ

ሀ. የኃይሉ መርጊያ ካሴት ላይ ስሙ መጻፉ ምን ጠቀመው?
ለ. በቀበሌያችሁ ዘፈኑ ያለ ስሙ የተሠራጨ ሰው አለ? ምን ማድረግ ይችላል?
ሐ. ደብተር አውጡ። ራሳችሁ የደረሳችሁትን አንድ ዘፈን ጻፉ። ከታቹ ስማችሁን፣ ቀኑን፣ ዓመተ ምሕረቱን ጨምሩ። ለጎረቤታችሁም አንብቡለት።