ጎርፍ የገባበትን ቤት ለማድረቅ የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ ኮምቦልቻን አቋርጦ የሚወርደው የቦርከና ወንዝ በከሚሴ አካባቢ ሲደርስ ጨፋ በሚባለው ሰፊ ረግረጋማ ሜዳ ላይ ይንጣለላል። ሜዳው በበጋ ለከብቱ ግጦሽ፣ ለገበሬውም የመስኖ ውሃ በመሆኑ የአካባቢው ሲሳይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲከብዱ ግን ውሃው ከዳር ይወጣል፤ በዝቅተኛው ቦታ የተሠራውን የጭቃ ቤት ከነማሽላው፣ ከነማሾው ይነክረዋል።

ጎርፍ ብዙ ጊዜ የሚወራው ነፍስ ሲያጠፋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በድሬዳዋ ከ250 በላይ ሰው መግደሉ አይረሳም። ውሃው ከሸሸ በኋላ በእርጥብ ቤት ውስጥ ስለሚተኛው ቤተሰብ ግን እምብዛም አይነገርም። ስለዚህ በደዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲም ሆነ በጅሌ ጥሙጋ፣ ሕዝቡ ገበሬ ማኅበር ብሎ በለመዳቸው የገጠር ቀበሌዎች ያሉ መሪዎች ያለቻቸውን ጥቂት ገንዘብ በምን ላይ ማዋል እንደሚገባቸው አስቀድመው ቢመክሩበት ይበጃል።

ከውጭ አገር የሚመጣ፣ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ በማጠራቀሚያው ውስጥ የሚያንጠባጥብ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አለ። መሣሪያው መልካም ነው፤ የሚሠራው ግን በርና መስኮቱ በተዘጋ፣ ነፋስ በማያስገባ ክፍል ውስጥ ነው። በብሎኬት ለተሠራና ኮርኒስ ላለው መጋዘን ወይም ጽሕፈት ቤት ይጠቅማል። በጣራውና በግድግዳው መካከል ክፍተት ባለው የጭቃ ቤት ውስጥ ቢተከል ግን የሜዳውን እርጥበት ሲስብ ይከርማል። ጨፋን በባልዲ ቀድቶ ለመጨረስ እንደ መነሣት ነው።

ለጭቃ ቤት የሚሻለው ተራው ቬንትሌተር ነው። ዋጋውም ሆነ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ አነስተኛ ነው። አቀማመጡ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ በሩ ላይ አቁሞ በትይዩ ያለውን መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። እርጥቡ አየር ሲወጣ በምትኩ አዲስ አየር ይገባል። ዝናብ ሲጥል መዝጋት፣ ሲያባራ መክፈት ነው። ከመስከረም ወዲህ ደረቁ ነፋስ ሲጀምር ደግሞ ቤቱን ያለ መሣሪያም ያደርቀዋል። ውሃ የነካው ማከፋፈያና ሶኬት በባለሙያ ሳይታይ ግን ምንም ነገር መሰካት አይገባም።

ውሃው ገና በቤቱ ውስጥ ከተኛ የመስኖ ሞተር ፓምፕ ያገለግላል፤ ማኅበሩ ፓምፕ ካለው ሌላ መግዛት አያሻውም። ደጁ ያለው ውሃ ሳይቀንስ መሳብ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ የወጣው ተመልሶ ይገባል። በቅድሚያ በዶማና በአካፋ ቤቱን የሚዞር ቦይ ይቆፈር። ሞተሩም ውጭ ይቁም፤ ጭሱ ገዳይ ነውና።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምናስገነዝበው ነገር አለ። ቤቱን ላሙቀው ብሎ የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር መዝጋት ሰው ይፈጃል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛውም ሰው ሳይነቃ ይቀራል። የላምባ ምድጃ ደግሞ ከዚህ አደጋ ነፃ አለመሆኑ ብቻ ሳይሆን አንድ ሊትር ላምባ ሲነድ አንድ ሊትር የሚያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ወደ ክፍሉ ይለቃል። ሊያደርቅ የገባው ያረጥባል ማለት ነው።

ግድግዳውም ይታሰብበት። ውሃው ከደረሰበት ምልክት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ምርጊቱን መፋቅ ማገሩና ቋሚው አየር እንዲያገኙ ያደርጋል፤ አለዚያ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባዋል። በሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ግድግዳ የባሰ ነው፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ገንፎ እንደሆነ ይቆያል። የረጠበው እህል ወዲያው በስሱ ተሰጥቶ ይድረቅ፤ የሻገተው ግን ለሰውም ለከብትም አይሰጥ።

መሣሪያውን በተራ ማዋስ ግድ ስለሚሆን ሕፃን፣ አራስ ወይም አረጋዊ ካለበት ቤት ቢጀመር ደግ ነው። ቤቱ መድረቁን ለማወቅ አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን አጥብቆ ለጥፎ አንድ ቀንና ሌሊት ማቆየት ነው። ከሥሩ ጠብታ ከታየ ምርጊቱ ይቆይ፤ ቬንትሌተሩም ወደሚቀጥለው ቤት አይሂድ።