የብላቴ ድልድይ፣ ግንቦት 1933

ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሶዶን አልፎ ሃላባ ቁሊቶ ሊገባ ሲል አንድ ድልድይ ይሻገራል። መኪናው አይቆምም። ተሳፋሪው ወይ እንቅልፍ ወስዶታል፣ ወይ ቁሊቶ ሲደርስ ስለሚገዛው በርበሬ ያስባል። እኔም ለዓመታት የተሻገርኩት እንደዚሁ ነው። አሁን ግን እዚያ ስደርስ ነቅቼ በመስኮት ወደ ታች አያለሁ።

ከድልድዩ ሥር የሚሄደው ወንዝ ብላቴ ነው። ብላቴ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ 1983 ይሄዳል፤ በደርግ የመጨረሻ ወራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና ወደ ገቡበት ካምፕ፣ መንግሥቱ ሲወድቅም ብዙዎቹ ተነስተው ወደ ኬንያ በእግራቸው ወደ ተሰደዱበት ወር። እኔ የምጽፍላችሁ ከዚያ ልክ 50 ዓመት ቀድሞ በዚሁ ወንዝ ላይ ስለሆነው ነው። ወሩም ያው ግንቦት ነው።

የተነሳሁት ከአንድ ቃል ነው። የእንግሊዝን ትልቁን የጦር ሜዳ ሽልማት፣ የቪክቶሪያ መስቀልን ያገኙ ሰዎች ዝርዝር ሳነብ አንዱ ስም አጠገብ ቦታው «ኮሊቶ፣ አቢሲኒያ» ተብሎ ተጽፏል። ኮሊቶ የት ነው? ካርታ ላይ ፈለግሁ፣ የለም። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ጣሊያኖች በጆሯቸው እንደሰሙት የጻፉት የራሳችን ቁሊቶ ነው።

የአንድን ሻለቃ ጦር ጉዞ መከተል የምትፈልጉ ካላችሁ መጀመሪያ የሚያስቸግራችሁ ይኼ ነው። እንግሊዞቹ የተጠቀሙበት ካርታ የጣሊያን ስለነበር በሰነዶቻቸው ሻሸመኔ «ሻሻማና»፣ ሶዶ «ሶዱ» ሆነው ይመጣሉ። አባያ ሐይቅማ ጭራሽ ስሙ የለም፤ ጣሊያናዊው አሳሽ ቦቴጎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በንግሥታቸው ስም «ማርጋሪታ» ብሎት ስለነበር በዚያው ቀርቷል። አርባ ምንጭንም አትፈልጓት፣ ገና አልተቆረቆረችም። የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ያኔ ላይ ተራራው ያለችው ጨንቻ ነበረች።

ሁለተኛው የቀን ጉዳይ ነው። የነሱ ሜይ 19 ቀን 1941 የኛ ግንቦት 11 ቀን 1933 ነው። ይህን ሳታስተካክሉ አንድን የውጭ ሰነድ ካገር ቤት ትዝታ ጋር ለማጋጠም ከሞከራችሁ ውጊያው በደረቅ ወቅት የተካሄደ ሊመስላችሁ ይችላል። ግንቦት ግን የበልግ ዝናብ ወር ነው፤ ጭቃውንና የወንዙን ሙላት የደቡብ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የእንግሊዞቹ ጦር ፍጥነት ለምን እዚህ ሲደርስ እንደተቀነሰ ከማንኛውም የጦር መጽሐፍ በፊት የነገረኝ ወሩ ነው።

ሦስተኛው የቁጥር ጉዳይ ነው። እኔ የተከተልኩት ሻለቃ ስሙ «1/6 ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ» ነው። 6 ታንጋኒካን፣ የዛሬዋን ታንዛኒያን፣ ይወክላል፤ ከፊቱ ያለው 1 ደግሞ አንደኛ ሻለቃ ማለት ነው። ይህ ሻለቃ ከኒያሳላንድ፣ የዛሬዋ ማላዊ ከሆነችው፣ እና ከኬንያ ከመጡ ሁለት ሻለቆች ጋር 22ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ ውስጥ ነበር። ብዙ ጊዜ ሰነዱ የሚናገረው ስለ ብርጌዱ ስለሆነ «ብርጌዱ ሶዶ ገባ» ሲል የኔ ሻለቃ ከፊት ይሁን ከኋላ በየጊዜው መጠየቅ ነበረብኝ።

መኮንኖቹና ጥቂት ሃምሳ አለቆች ነጮች ነበሩ። የቀረው ሰው አፍሪካዊ ነው፤ ያገራችን ሰው አስካሪ የሚለው። እነዚህ ሰዎች የኬንያን ድንበር ተሻግረው፣ ሶማሊያን አልፈው፣ በጅጅጋና በሐረር አድርገው አዋሽ የደረሱት ካኒንግሃም በሚባለው ጄኔራል ስር ነው። ያ ጦር በ53 ቀናት ከ2,700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። መጋቢት 28 ቀን 1933 አዲስ አበባ በእጃቸው ገባች፤ ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ ከተማቸው ገቡ። ትምህርት ቤት የተማርነው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። ድል ሆነ፣ ባንዲራ ተሰቀለ።

ለኛ አካባቢ ግን ጦርነቱ ገና አላለቀም። ጄኔራል ጋዜራ የሚባለው የጣሊያን አዛዥ ብዙ ሺህ ወታደር ይዞ ከሐይቆቹ እስከ ጅማ ባለው አገር ተቀምጦ ነበር። 22ኛው ብርጌድ በስምጥ ሸለቆው ወደ ደቡብ እንዲወርድ ታዘዘ። ግንቦት 6 ሻሸመኔ ገባ። ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቁሊቶ ታጠፈ። የአርባ ምንጭ ሰው ይህን መንገድ በካርታ ሳይሆን በወገቡ ያውቀዋል።

ግንቦት 11 ቀን 1/6 ብላቴ ላይ ደረሰ። ጣሊያኖቹ ከወዲያኛው ዳር ነበሩ። ከሻለቃው የተወሰኑ ሻምበሎች ተሻግረው ጥቂት መሬት ያዙ፤ የተሻገረው ሰው ግን ታንክ የሚመታበት ነገር አልነበረውም። ያኔ የጣሊያን ታንኮች ከተሸሸጉበት ወጥተው ተንደረደሩበት። ወንዝ ከኋላው፣ ታንክ ከፊቱ የሆነበትን እግረኛ አስቡት።

ናይጄል ሊኪ የሚባል የ28 ዓመት ሃምሳ አለቃ ሞርታር ሲተኩስ ቆይቶ ጥይቱ አለቀበት። ኬንያ የተወለደ ሰው ነው፤ የቅሪተ አካል ተመራማሪው የሉዊስ ሊኪ ዘመድ። (የሉዊስ ልጅ ሪቻርድ ከ26 ዓመት በኋላ ኦሞ ሸለቆ ኪቢሽ ላይ የጥንት ሰው አፅም ያገኘውን ቡድን መርቷል። የዚህ ቤተሰብ መንገድ በኛ አገር ሁለት ጊዜ አልፏል።) ሊኪ አንዱ ታንክ ላይ ዘሎ ወጣ፣ መክደኛውን ፈልቅቆ ከፈተ፣ ውስጥ ያሉትን በሽጉጥ መታና ሾፌሩን ብቻ አስቀርቶ ታንኩን ወደ ከለላ አስነዳው። የታንኩን መድፍ ሊተኩስበት ሞከረ፣ አልሠራለትም። ወርዶ ሌሎቹን ታንኮች በእግሩ ለማደን ሄደ። ሁለቱ አለፉት፣ ሦስተኛው ላይ ወጣ፣ መክደኛውን ከፍቶ አንዱን ገደለ፤ ከአራተኛው ታንክ የተተኮሰ መትረየስ ጣለው። ሽልማቱ የታወጀው ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጦርነቱ በዓለም ሁሉ ሲያበቃ፣ በ1938 ነው። አስከሬኑ አልተገኘም። ስሙ ናይሮቢ በሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ መታሰቢያ ላይ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የሽልማቱ ጽሑፍ ሊኪ ለሁለተኛ ጊዜ ታንክ ለማደን ሲሄድ ብቻውን እንዳልነበረ ይናገራል። አንድ አፍሪካዊ የሻምበል ሃምሳ አለቃና ሁለት አስካሪዎች አብረውት ነበሩ። ሦስት ሰዎች፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ተኩስ ውስጥ። ጽሑፉ ስማቸውን አይጠራም። ማዕረጋቸውንና «አፍሪካዊ» መሆናቸውን ተናግሮ ያልፋል። ይህን ዓረፍተ ነገር ካነበብኩ ወዲህ ድልድዩን ስሻገር የማስባቸው እነዚያን ሦስቱን ነው። ሊኪ ጀግና ነበር፣ አንድ ቃል አልቀንስበትም። ነገር ግን በእግሩ ወደ ታንክ የሄደ ሰው አራት ከሆነ፣ ታሪኩ የአራት ሰው ነው።

ከወዲያኛው በኩልስ ማን ነበር? የጣሊያን ጦር ሲባል ሁሉም ጣሊያን አልነበረም። የቅኝ ግዛት ሻለቆቻቸው በኤርትራና በኢትዮጵያ ልጆች የተሞሉ ነበሩ። ብዙዎቹ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እየከዱ ወደ ቤታቸው ሄደዋል፣ የቀሩትም ተዋግተዋል። ብላቴ ላይ የሞተው ሰው ከሁለቱም ወገን በአብዛኛው አፍሪካዊ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

የቀረውን ቶሎ ልጨርሰው። ግንቦት 14 ሶዶ ተያዘች፣ ሁለት የክፍለ ጦር አዛዥ ጄኔራሎችም እዚያ ተማረኩ። አምባላጌ ላይ የጣሊያን ጦር የበላይ አዛዥ የነበረው የአኦስታው መስፍን እጁን የሰጠው በዚያው ሰሞን ነው። ብርጌዱ ወደ ጋሞ አልወረደም፤ ከሶዶ ወደ ኦሞ ዞረ፣ በግንቦት መጨረሻ የሞላውን ኦሞ ተሻገረ፣ ሰኔ 14 ጅማ ገባ። ጋዜራ በመጨረሻ እጁን የሰጠው ደምቢዶሎ ላይ ከኮንጎ ለመጣው የቤልጂየሞች ጦር ነው። የታንጋኒካ ልጆች እረፍት አላገኙም፤ ከዓመት በኋላ ብርጌዳቸው ማዳጋስካር ላይ ይዋጋ ነበር።

ታዲያ ይህ ለአርባ ምንጭ ሰው ምኑ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ሁለት ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ በ1928 ጣሊያን ሲመጣ የጋሞ ጎፋ ጦር በደጃዝማች አበበ ዳምጠው መሪነት የዘመተው ወደ ኦጋዴን ነው። የእነዚህ ተራሮች ልጆች፣ ብርድና እንሰት የለመዱ ሰዎች፣ አውሮፕላንና መድፍ ከሚወርድበት በረሃ ገቡ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ የሌላ አገር ልጆች፣ ቋንቋችንን የማያውቁ፣ የኛን ደጃፍ ሊያስለቅቁ መጥተው ሞቱ። የኛዎቹ እዚያ፣ የነሱዎቹ እዚህ። ሁለቱንም በስም የሚያስታውስ ሐውልት በመንገዴ ላይ አላየሁም።

ሁለተኛ፣ ብላቴ የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ወደ ደቡብ ይወርድና አባያ ውስጥ ይገባል። ማለዳ ከሲቀላ ሠፈር ሆናችሁ ቀላ ያለውን ውኃ ስታዩ ከፊሉ በዚያ ድልድይ ሥር ያለፈ ነው።

አሁን የምለምናችሁ አለኝ። ቁሊቶ፣ ቦዲቲ፣ ሶዶ፣ ሁምቦ ዘመድ ያላችሁ፣ በዚያ ዓመት ልጅ የነበረ ወይም ከአባቱ የሰማ አረጋዊ ካለ ሄዳችሁ በስልካችሁ ድምፁን ቅዱልኝ። በወላይትኛም፣ በሃላብኛም፣ በጋሞኛም ይሁን። «ጣሊያን መቼ ወጣ?» አትበሉ፣ የሚመልሱላችሁ ትምህርት ቤት የተነገረውን ነው። «ጥቁሮቹ ወታደሮች ወንዙን በየት በኩል ተሻገሩ? የሞቱትን ማን ቀበራቸው?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።