ሣር እንዳይውጣቸው፦ የእንግሊዝ ገጠር ኮረብቶችና ጥንታዊ ስፍራዎች

በኦክስፎርድሸር ምዕራባዊ ጫፍ፣ ኡፊንግተን ከምትባል መንደር በላይ፣ አንድ ነጭ ፈረስ በኮረብታ ጎን ላይ ተዘርግቶ ይጋልባል። ርዝመቱ 110 ሜትር ያህል ነው። ቀለም አልተቀባም፤ ሣሩ ተገፎ፣ ቦይ ተቆፍሮ፣ ቦዩም በተደቀቀ ነጭ የኖራ ድንጋይ ተሞልቶ የተሠራ ነው። አጠገቡ ለቆመ ሰው የነጭ መንገድ ቁራጭ እንጂ ፈረስ አይመስለውም፤ መልኩ የሚገለጠው ከሸለቆው ማዶ፣ ይበልጡንም ከሰማይ ነው። ለረጅም ጊዜ የሳክሶኖች ሥራ ነው ሲባል ኖሯል። በ1990ዎቹ ግን (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ተመራማሪዎች ከቦዩ ሥር የወሰዱት አፈር የፀሐይ ብርሃን ካየ ስንት ዘመን እንደሆነው አሰሉ። የፈረሱ ዕድሜም ወደ 3,000 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ።

እኔን ግን ከዕድሜው ይልቅ የሚያስደንቀኝ እስካሁን መታየቱ ነው። ያ ነጭ ቦይ ካልታረመ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሣር ይውጠዋል። እንግዲህ በ3,000 ዓመት ውስጥ ሃይማኖት ሲለወጥ፣ ቋንቋ ሲለወጥ፣ ሮማውያን መጥተው ሲሄዱ፣ ሳክሶኖችና ኖርማኖች ሲተካኩ፣ ፈረሱን ለምን እንደሚንከባከብ እንኳ የማያውቅ ትውልድ እየተነሣ አርሞታል ማለት ነው። በቀደሙት ዘመናት ጽዳቱ ራሱ የአካባቢው ሕዝብ በዓል ነበር፤ ትግል ይገጥሙ፣ ድቡልቡል አይብ ቁልቁል ያንከባልሉ ነበር። ዛሬም በበጋ ፈቃደኞች መዶሻ ይዘው ይወጣሉ፤ አረሙን ነቅለው አዲስ ኖራ እየቀጠቀጡ ይደለድላሉ። ቅርጹ ሆን ተብሎ የተሸፈነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነበር፤ የጀርመን አብራሪዎች አቅጣጫ እንዳይለዩበት።

ከፈረሱ ሥር አናቷ የተደለደለ ትንሽ ጉብታ አለች። ስሟ የዘንዶ ኮረብታ ነው። የአገሬው ሰው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን የገደለው እዚህ ነው ይላል፤ አናቷ ላይ ሣር የማይበቅልበት ነጭ ቦታ ደግሞ ደሙ የፈሰሰበት ነው። ጊዮርጊስ የእንግሊዝ ጠባቂ ቅዱስ ነውና፣ ታሪኩን ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ይህች ጉብታ እንግዳ አትሆንበትም።

በፈረሱ አናት በኩል ሪጅዌይ የሚባለው ጥንታዊ መንገድ ያልፋል። ሰዎች ረግረጉንና ጫካውን ሸሽተው በኮረብታው ጀርባ ላይ የቀደዱት መንገድ ነው፤ ዛሬ 139 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ክፍል ለእግረኞች ተለይቶ ተጠብቋል። በዚህ መንገድ ጥቂት ከተጓዙ ዌይላንድስ ስሚዚ የተባለ፣ በትልልቅ ድንጋዮች የተሠራ የድንጋይ ዘመን መቃብር ይገኛል። በአፈ ታሪክ ግን የማይታይ አንጥረኛ ቤት ነው፤ ፈረሱንና አንድ ሳንቲም አስቀምጦ ዞር ያለ መንገደኛ ሲመለስ ፈረሱ ጫማ ተመትቶለት ያገኘዋል።

የሪጅዌይ ምዕራባዊ ጫፍ ኤቭበሪ አጠገብ ነው። እዚያ ያለው የድንጋይ ክብ ከመስፋቱ የተነሣ የመንደሩ ከፊል ውስጡ ተሠርቷል፤ በጎች በቋሚ ድንጋዮቹ መካከል ይግጣሉ። ሆኖም የዛሬው ኤቭበሪ ከጥፋት የተረፈ ነው። በመካከለኛው ዘመን መንደርተኛው ብዙዎቹን ድንጋዮች ጥሎ ቀበራቸው፤ በኋላ የመጡት ደግሞ በእሳት አግለው ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሱ ሰነጣጠቁና ቤት ሠሩባቸው። በ1930ዎቹ ከማርማላታ ንግድ ሀብት የወረሰው አሌክሳንደር ኬይለር መሬቱን ገዝቶ የተቀበሩትን አስቆፈረና መልሶ አቆማቸው። ከአንዱ ድንጋይ ሥር የሰው አጽም ተገኘ፤ ከአጽሙ ጋር የመካከለኛው ዘመን ሳንቲሞችና መቀስ ነበሩ። ከመንደሩ ወጣ ሲሉ ሲልበሪ ሂል ይታያል፤ ከ4,400 ዓመት ገደማ በፊት በሰው እጅ ተከምሮ 39 ሜትር የቆመ ጉብታ ነው። ደጋግመው ቆፈሩት፤ መቃብር አልተገኘበትም። ለምን እንደተከመረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ስቶንሄንጅ የተባለውን የድንጋይ ክብ ሁሉም ሰው ያውቀዋልና አልዘገይበትም። አንድ ነገር ብቻ፦ በ2024 የወጣ ጥናት በመካከሉ የተጋደመው የመሠዊያ ድንጋይ ከሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እንደመጣ አሳይቷል።

ደቡባዊዎቹ ኮረብቶች መላጣ የሆኑት በተፈጥሯቸው አይደለም። ዛፍ ነበራቸው፤ ጥንት ገበሬ መነጠራቸው፣ ከዚያ ወዲህ በግ ጠበቃቸው። በግ ሣሩን አሳጥሮ ስለሚግጥ ቁጥቋጦ አይነሣም፤ ከሥሩ ያለው አፈርም ስስ ስለሆነ አንዱ ተክል ሌላውን አይጫነውም። ስለዚህ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ እስከ 40 የሚደርሱ የዕፅዋት ዓይነቶች ሊገኙ ይችላሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ብዙው እንዲህ ያለ ሣር ምድር ታርሶና በማዳበሪያ ወፍሮ ጠፍቷል። ይህ ጥፋት የአንድ ካቴድራል መፍረስ ያህል ሊያሳዝን ይገባ ነበር እላለሁ፤ ግን ድምፅ የለውምና ማንም አልደነገጠም።

ወደ ሰሜን ሲሄዱ መሬቱ ይከብዳል፤ ኖራው ቀርቶ ጥቁር ድንጋይና ረግረግ ይመጣል። ከፍተኛው የእንግሊዝ ተራራ ስካፌል ፓይክ 978 ሜትር ብቻ ነው፤ ከድሬዳዋ ከተማ እንኳ ያንሳል። ግን ከባሕር አጠገብ ስለሚነሣ፣ ጉምና ዝናብም ስለማይለየው፣ የናቀውን ይቀጣል። ይህን አናት ባለርስቱ ሎርድ ሌክንፊልድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱት የአካባቢው ልጆች መታሰቢያ እንዲሆን በ1919 ለሕዝብ ሰጠው። ከዚያም ወደ ሰሜን ሲዘልቁ ሮማውያን በ122 የጀመሩት የሃድርያን ግንብ ይገኛል፤ 117 ኪሎ ሜትር ከባሕር እስከ ባሕር። በግንቡ አቅራቢያ ቪንዶላንዳ በተባለው ምሽግ በስስ እንጨት ላይ በቀለም የተጻፉ ደብዳቤዎች ከጭቃ ወጥተዋል፤ በአንዱ ክላውዲያ ሴቬራ የተባለች የሹም ሚስት ወዳጇን ለራሷ ልደት ቀን ትጋብዛለች።

ይህን ሁሉ ማየት የድሀ መብት አልነበረም። ከ1604 እስከ 1914 ፓርላማው ከ5,200 በላይ የአጥር ሕጎች አውጥቶ መንደርተኛው በጋራ ያግጥበት የነበረውን መሬት የግል አደረገው። ለማንቸስተርና ለሼፊልድ የፋብሪካ ሠራተኞች ኪንደር ስካውት የተባለው ደጋ ቅርብ ነበር፤ ነገር ግን ባለርስቶች ወፍ የሚያድኑበት ስለነበር በዘበኛ ተጠብቋል። ኤፕሪል 24 ቀን 1932፣ እሑድ፣ በ20 ዓመቱ ቤኒ ሮትማን የሚመሩ በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች ክልከላውን ጥሰው ወጡ። ከዘበኞቹ ጋር ግብግብ ተፈጠረ፤ ስድስት ታሰሩ፣ አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተፈረደባቸው። ሰው ሣር ረግጦ ታሰረ የሚለው ወሬ ግን አገሩን አስቆጣ። በ1949 የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ወጣ፤ በ1951 የመጀመሪያው ፓርክ የተከለለው ኪንደር በሚገኝበት በፒክ ዲስትሪክት ነበር። በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ ተራራውን፣ ደጋውንና የጋራ መሬቱን ለእግረኛ ከፈተ። ቢሆንም ይህ ነጻነት የሚሸፍነው ከእንግሊዝ መሬት ስምንት ከመቶ ገደማ ነው፤ ወንዙና ደኑ በአብዛኛው አሁንም ተዘግቷል። ሙግቱም አላበቃም።

በቀረው አገር ያለው መብት የመንገድ መብት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ 225,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሕዝብ መተላለፊያ መንገድ በገበሬ ማሳ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በሰው በረት አጠገብ ሳይቀር ያልፋል። ቢጫ ቀስት ለእግረኛ፣ ሰማያዊ ቀስት ለፈረሰኛና ለብስክሌትም ጭምር ማለት ነው። መንገደኛ የሚጠበቅበት ግዴታ ጥቂት ነው፦ የከፈተውን በር መልሶ ይዘጋል፣ ውሻውን ከበግ ያርቃል።

ከእነዚህ መንገዶች አንዱ ኮትስዎልድ ዌይ ነው። ከቺፒንግ ካምደን ተነሥቶ ማር በሚመስል ቢጫ ድንጋይ በተሠሩ መንደሮች በኩል 164 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በባዝ ከተማ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያበቃል። ወደ ከተማው ሲቃረብ ከኬልስተን በላይ ካለው ከፍታ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ ትንሽ ዞር ብሎ በኬልስተን መንገድ ዳር ፌርፊልድ ሃውስ ይገኛል፤ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ተሰደው ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበት ቤት። በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡት።